ከምንጣፉ ስር

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንደ ድሮው ልቀጥል ነበር፤ የናፈቀ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ድምፁን አያጠፋም እንዳትይኝ ፈርቼ ተውኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ፣ አለበለዚያ ወኔዬ ይከዳኛል።

የእንግሊዛዊውን የቶማስ ሃርዲን ልብ ወለድ፣ ቴስን፣ እንደገና እያነበብኩ ነው። አዎ፣ በአንቺው መጽሐፍ። ጠፋብኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ጀርባው ተገንጥሏል፤ ሻይ የፈሰሰበት ገጽም እንዳለ አለ (ያፈሰስሽው አንቺ ነሽ፣ ዛሬም አልረታም)።

በፊት ያስለቀሰኝ ፈረሱ ነበር፤ በሌሊት መንገድ ላይ ተወግቶ፣ ቴስ ቁስሉን በእጇ ደፍና ደሙን ልታቆም ስትታገል። ዘንድሮ ያስለቀሰኝ የማርማላታው ጠርሙስ ነው። ሊሞት የደረሰ ሕፃኗን በሌሊት ታናናሾቿን ቀስቅሳ ራሷ አጠመቀችው፤ «ሐዘን» አለችው። መቃብሩ ላይ ያኖረችው አበባ እንዳይጠወልግ ውኃ የሞላችበት ዕቃ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ነበር። ያኔ እንዴት አለፍኩት?

የሕፃኑን አባት አሌክን መጥላት ቀላል ነው። እኔን ያመመኝ ያገባት ኤንጅል ነው። በሠርጋቸው ሌሊት እሱ ለንደን ውስጥ ከማያውቃት ሴት ጋር ያሳለፈውን ተናዘዘ፤ ወዲያው ይቅር አለችው። እሷ የደረሰባትን ስትነግረው ግን ሌላ ሴት ሆነችበት፤ ጥሏት ብራዚል ገባ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፈው። ያን ምሽት... ታውቂዋለሽ የቱን ምሽት እንደምል። ነግረሽኝ ስትጨርሺ «ነገ ማልጄ እነሣለሁ» ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። ለራሴ «ቀድማ ስላልነገረችኝ ነው የተቀየምኩት» ስል ኖርኩ። አይደለም። ፈረድኩብሽ። እኔማ ብራዚል መሄድም አላስፈለገኝም፤ ስልኬ ሲጠራ ስምሽን እያየሁ ዝም ማለት በቃኝ።

ሃርዲ መጽሐፉን በ1891 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ከርዕሱ ስር «ንጹሕ ሴት» ብሎ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። አንቺ ያችን «ንጹሕ» ሁለት ጊዜ አስምረሽባታል። ከጎኗ የጥያቄ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስለ ልብ ወለድ የምንከራከር መስሎኝ ነበር እኮ! ትናንት በላጲስ ላጠፋው ሞከርኩ፤ ወረቀቱ ሳሳ እንጂ ምልክቱ አልለቀቀም።

ኤንጅል ተጸጽቶ የሚመለስበት ቦታ ስደርስ መጽሐፉን ከደንኩት። ምን ያህል እንደዘገየ አውቃለሁና ገጹን መግለጥ ፈራሁ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው።

መጽሐፍሽን ራሴ ላምጣልሽ ወይስ በፖስታ ልላከው? ላለማየት ብትመርጪም አልቀየምም፤ እሺ፣ ትንሽ እቀየማለሁ። ቴስ ከሠርጉ በፊት ለኤንጅል የጻፈችው ደብዳቤ በበር ስር ገብቶ ከምንጣፉ ስር እንደቀረ ታስታውሻለሽ፤ ስለዚህ ይህ ከደረሰሽ «ደርሶኛል» ብቻ በይኝ። ስለ ሻዩ በኋላ እንጣላለን።

ያችው ጓደኛሽ