ወደ ኋላ ለተሳበው አማካይ ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህና እህትህ፣ ጎረቤቱም ሁሉ ሰላም ይሉሃል። ደሴ ሰሞኑን ጭጋግ ለብሳ ውላ ጭጋግ ለብሳ ታድራለች፤ የጦሳን ተራራ ካየነው ሳምንት አልፎናል።

ባለፈው አርብ ማታ በስልክ የነገርከኝን ነገር ሳሰላስለው ሰነበትኩ። አሰልጣኝህ ከአጥቂዎቹ ኋላ ከነበረው ቦታህ አንስቶ ከተከላካዮቹ ፊት እንዳቆመህ፣ አስር ቁጥሩንም ለሌላ ልጅ እንደሰጠብህ፣ አንተም ይህን እንደ ቅጣት ቆጥረህ ሌላ ክለብ ለመፈለግ እንዳሰብክ ስትነግረኝ ድምፅህ ተለውጦ ነበር። እዚያው ብመልስልህ በችኮላ እንደማበላሸው ስለታወቀኝ፣ ደግሞም እኔና አንተ በስልክ የጀመርነው ክርክር መቋጫው ሁልጊዜ «ካርድ አለቀብኝ» ስለሆነ፣ በጽሑፍ ማድረጉን መረጥኩ።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። እሑድ እሑድ ሆጤ ሜዳ ስትጫወቱ፣ ኳስ እግርህ ስር በገባች ቁጥር ከመስመሩ ዳር ቆሜ «ሂድ! ምታ!» እያልኩ እጮህ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሦስት ልጆች አልፈህ ግብ ስታስቆጥር ሳምቡሳና ሻይ ጋብዤህ፣ ለማውቀውም ለማላውቀውም ሰው እያወራሁልህ እስከ ፒያሳ ድረስ በእግራችን ሄድን። በሳምንቱ ግን ግብ ሳታስቆጥር፣ ነገር ግን ከተጋጣሚ እግር ኳስ እየነጠቅክ ለጓደኞችህ ስታቀብል ውለህ ቡድንህ ሲያሸንፍ፣ «ዛሬ ምን ነካህ?» ብዬ ጠየቅኩህ። ምንም አልመለስክልኝም፤ ታኬታህን በፌስታል ቋጥረህ ከፊት ከፊቴ ሄድክ። በዚያ ሜዳ ላይ ከሃያ ሁለቱ ልጆች በጨዋታው ብዙ የሠራኸው አንተ እንደነበርክ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ግብ ያላገባ ልጅ እንዳልተጫወተ የሚቆጠርበትን ሚዛን ያስያዝኩህ እኔ ስለሆንኩ፣ ዛሬ በዚያው ሚዛን ራስህን መዝነህ ቀለልኩ ብትል ልወቅስህ አልችልም። ሚዛኑን ግን መልስልኝ።

አሁን የአንድ ሰው ታሪክ ልንገርህ። ጣሊያናዊውን አማካይ አንድሬያ ፒርሎን በጢሙና በቅጣት ምቱ ታውቀው ይሆናል፤ አጀማመሩን ግን የምታውቅ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1979 የተወለደው ይህ ሰው በወጣትነቱ ልክ እንዳንተ ከአጥቂ ኋላ የሚጫወት አስር ቁጥር ነበር። ኢንተር ሚላን ወሰደው፤ እዚያ ግን ቋሚ ቦታ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 በውሰት ወደ ልጅነት ክለቡ ወደ ብሬሻ ሲመለስ ደግሞ የሚወደው ቦታ በሮቤርቶ ባጆ ተይዞ ጠበቀው። ባጆ በቆመበት ቦታ ላይ ማን ይከራከራል? አሰልጣኙ ካርሎ ማዞኔ ልጁን ወንበር ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ ኋላ ስቦ ከተከላካዮቹ ፊት አቆመው። ሰው ሁሉ እንደ ተከላካይ አማካይ የሚያየው ኳስ ነጣቂውን ስለነበረ ለዚያ ቀጭን ልጅ ቦታው የሚሆን አይመስልም ነበር፤ ነገር ግን ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ፣ ማንም ሳይጠጋው፣ ከዚያ በፊት ያላየውን ሜዳ አየ። በዚያው ዓመት ኤሲ ሚላን ገዛው፤ ካርሎ አንቼሎቲም በዚያው ስፍራ አጸናው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2007 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያን የዓለም ዋንጫን ስትወስድ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው እርሱ ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ32 ዓመቱ፣ ሚላን ውሉን ሳያድስ ለቀቀው፤ ዩቬንቱስ ያለ ዝውውር ክፍያ ወሰደውና አራት ዓመት በተከታታይ የጣሊያንን ሊግ ዋንጫ አብሯቸው በላ። ከአጥቂ ኋላ እየተጋፋ ቢቆይ ኖሮ ያ ሰውነት በ32 ዓመቱ አራት ሊግ የሚያሸንፍበት አቅም ይኖረው ነበር ብዬ አላምንም።

«ሹፌር ስለ አማካይ ምን ያውቃል?» እንዳትል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት በጭነት መኪና ወርጃለሁ፤ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ባለው መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወረዳል። እዚያ መንገድ ላይ ሁለት ነገር ያላወቀ ሹፌር አይከርምም። አንደኛው፣ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው፤ መኪናው ከሮጠ በኋላ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ጎማው እስኪሸት ድረስ ይረግጣል። የጨዋታውን ፍጥነት አንተ ነህ የምትወስነው፤ ቡድንህ መሮጥ የማይገባው ሰዓት ላይ ሲሮጥ ኳሷን ይዘህ፣ ወደ ጎን አቀብለህ፣ ተቀብለህ፣ ነገሩን የምታበርደው አስቀድመህ ካሰብክበት ነው። ሁለተኛው ስፖኪዮ ነው። ከኋላ ጥሩንባ ሲነፋበት ብቻ ስፖኪዮ የሚያይ ሹፌር ሁልጊዜ ይዘገያል። ኳስ ወደ አንተ ስትመጣ ጀርባህ ለተጋጣሚ የተሰጠ ስለሆነ፣ ኳሷ እግርህ ከመድረሷ በፊት በግራና በቀኝ ትከሻህ ላይ ማየት አለብህ፤ ከደረሰች በኋላ ለማየት ጊዜ የለም። የባርሴሎናውን ዣቪን ጨዋታ ስታይ ኳሷን ተውና አንገቱን ብቻ ተከተል፤ ያለማቋረጥ ሲዞር ታየዋለህ። አጭርም ነበር፣ ፈጣንም አልነበረም፤ ከሌሎቹ አስቀድሞ የሚያውቅ ይመስል የነበረው አስቀድሞ ያይ ስለነበር ነው።

ስለ ተከላካይ አማካዩ ክሎድ ማኬሌሌ አላበዛብህም። ሪያል ማድሪድ እ.ኤ.አ. በ2003 ለቼልሲ ሸጠው፤ ማድሪድ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት የውድድር ዘመኖች የስፔንን ሊግ አላሸነፈም፤ ቼልሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ወሰደ። ሁሉንም በእርሱ ላይ ማሳበብ አይገባም፤ ሆኖም ማድሪድ ውስጥ የዋንጫው ፎቶግራፍ ላይ ከዳር የሚቆመው ሰው መሄዱ መሀል ላይ ቀዳዳ እንደተወ በዓይናችን አይተናል።

ሩቅ አገር ብቻ እያነሳሁ እንዳይመስልህ አያትህን ላስታውስህ። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ በራዲዮ የሰሙትን እስከ እርጅናቸው ያወሩት ነበር። ከግብፅ ጋር በነበረው የፍጻሜ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተመርተን፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። አያትህ ሁልጊዜ የሚያነሱት አራተኛዋን ግብ ያገባውን መንግሥቱ ወርቁን ነው፤ ይገባዋልም። ይሁን እንጂ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ያገባው፣ አምበልም ሆኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አማካዩ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አየህ፣ አማካይ ግብ አያስቆጥርም አላልኩህም።

ክለብ መቀየሩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አሳስብሃለሁ። ውልህ ላይ ገና ሁለት ዓመት አለ። በፊፋ ደንብ ውሉን ያለ በቂ ምክንያት ያፈረሰ ተጫዋች ካሳ ሊጠየቅና ከጨዋታ ሊታገድ ይችላል፤ ከሌላ ክለብ ጋር በነጻ መዋዋል የሚፈቀድልህ ያለው ውል ሲያልቅ ወይም የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ሲገባ ነው። «እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚልህ ደላላ ይህን ካልነገረህ ወይ አያውቅም፣ ወይ ላንተ አያስብም። የፊርማ ገንዘብ የሚባለውንም ከወር ደመወዙ ለይተህ በጽሑፍ ካላየህ አትስማ። ምንም ወረቀት ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ እዚህ የሚያነብልኝ ሰው አለ።

ሰውነትህን ጠብቅ። በአንድ ጨዋታ አማካይ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ የደሴ ብርድና ከፍታ የሰጠህን ሳንባ በእንቅልፍ እጦትና በጫት እንዳታባክነው። አዲሱ ቦታህ ደግሞ ካርድ ይወዳል፤ አንድ እርምጃ ዘግይተህ ከተንሸራተትክ ቢጫው ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ቀሪውን ጨዋታ የምትጫወተው እጅህ እንደታሰረ ሆነህ ነው። ከመንሸራተት ይልቅ ቆመህ መንገድ መዝጋትን ልመድ፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አሰልጣኝህ ያሳይሃል፤ ሄደህ ጠይቀው። «ለምን ወደ ኋላ አደረግከኝ?» ብለህ ሳይሆን «እዚያ ስቆም ምን እንድሠራ ትፈልጋለህ?» ብለህ ጠይቀው። መልስ ከሌለው ያን ጊዜ ቅሬታህን እሰማለሁ፤ መልስ ካለው ግን ይህን የውድድር ዘመን እስከ መጨረሻው እዚያው ቆመህ ጨርስ።

አብሽር፤ እኛ እዚህ ዱአ እያደረግንልህ ነው። እናትህ በሶና ጭኮ በማክሰኞው አውቶቡስ ልካልሃለች፤ ሹፌሩ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ስለሆነ መናኸሪያ ሄደህ ስምህን ብትነግረው ይሰጥሃል። ጨዋታችሁ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ፊትህን ከሩቅ መለየት ስለሚያቅታት የምትፈልግህ በማሊያህ ቁጥር ነው፤ እስከ ዛሬ አስር ቁጥርን ነበር የምትከተለው። አዲሱን ቁጥርህን ጻፍልን።

አባትህ፣ ከደሴ