የእባብ ልጅ እባብ ነው፤ ቀለሙስ?

የተሳቢ እንስሳት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዓመቱን የጀመርነው በሁለት እባቦች ነው። አንድ ሰሞን 13 ደርሰን ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ ስድስት ቀርተውናል። በመሃል የሆነውን ልንገራችሁ።

የምናረባው የበቆሎ እባብ የሚባለውን ነው። የተፈጥሮ መኖሪያው የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ክፍል ነው። መርዝ የለውም፤ አይጥ ላይ ተጠምጥሞ፣ አንቆ ይበላል። በእጅ ለመያዝ ገር ነው። በደንብ ከተያዘ ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል። ሆዱ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው፤ ስሙ የመጣው ይህ መልኩ የበቆሎ ፍሬ ስለሚመስል ነው የሚሉ አሉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ነውና መጀመሪያ ላይ በሩ ጋ ቆመው ብቻ የሚያዩን ተማሪዎች ነበሩ። ማንንም አልገፋንም። ከእነሱ አንዷ አሁን የመመገቢያ መዝገባችን ኃላፊ ናት።

ስለ ቀለም ትንሽ ላብራራ፤ የዓመቱ ወሬ ሁሉ እሱ ነውና። እናቲቱ የዱሩን መልክ የያዘች ናት። ብርቱካናማ መደብ ላይ፣ በጥቁር የተከበቡ ቀያይ ምልክቶች አሏት። አባትየው ግን «ስኖ» የሚባለው ነው፤ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ። ስኖ የሚወለደው ሁለት ለውጦች ሲገናኙ ነው። አንደኛው ጥቁሩን ቀለም፣ ሜላኒንን፣ ያጠፋል። ስሙ አሜላኒስቲክ ነው፤ አርቢዎች አሜል ይሉታል። ለብቻው ሲሆን ዓይኑ ቀይ፣ አካሉ ቀይና ብርቱካናማ የሆነ እባብ ይወጣል። ሌላው አነሪ ነው፤ ቀዩን ያጠፋና ግራጫና ጥቁር እባብ ይሰጣል። ሁለቱም እንዲታዩ ከእናትም ከአባትም መምጣት አለባቸው። ከአንድ ወገን ብቻ የመጣው ተደብቆ ይቀመጣል። እንዲህ ደብቆ የሚሸከመውን አርቢዎች «ሄት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች የአሜልን መነሻ አግኝተውታል። ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የዲኤንኤ ቁራጭ ኦሲኤ2 የተባለ ጂን ውስጥ ገብቶ ሥራውን አበላሽቶታል። ይህን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ባወራው ማን ይሰማኝ ነበር? ቀዩ እባብ እጃቸው ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ይጠይቃል።

ስለ እናቲቱ የምናውቀው አባቷ አሜል እንደነበረ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአሜል ሄት መሆኗ እርግጥ ነበር። ተማሪዎቹ የሚወለዱትን ቀለም የሚገምት ሠንጠረዥ ሠሩ። ግማሾቹ አሜል፣ ግማሾቹ የእናታቸው ዓይነት ይሆናሉ ብለው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

ለመራባት እንዲዘጋጁ ሁለቱን ለሁለት ወር ያህል 12 ዲግሪ አካባቢ አቆየናቸው። ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት ምግብ አቁመናል፤ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ሆድ ውስጥ የቀረ ምግብ አይፈጭም። ከዚያ ቀስ ብለን አሞቅናቸው፣ አገናኘናቸው። እናቲቱ 13 እንቁላል ጣለች። ሁለቱ ቢጫና የተጨማደዱ ነበሩ። 11ዱን እርጥብ ቨርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ማዕድን) ላይ፣ በ28 ዲግሪ አስቀመጥናቸው። የእያንዳንዱን አናት በእርሳስ ምልክት አደረግንበት። የእባብ እንቁላል እንደ ዶሮ አይገላበጥም፤ ከተገላበጠ ፅንሱ ሊሞት ይችላል።

በ62ኛው ቀን የመጀመሪያው ቅርፊት ተሰነጠቀ። ትንሽ አፍንጫ ወጣች። ሁላችንም ቀይ ወይ ብርቱካናማ ጠብቀናል። የወጣው ግራጫ ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። «ሠንጠረዡ ተሳስቷል» አለ አንዱ። የመዝገብ ኃላፊዋ ግን ትንሽ አሰበችና «ሠንጠረዡ አልተሳሳተም፤ ስለ እናቲቱ የጻፍነው ነው የጎደለው» አለች። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው። ግራጫ ልጅ እንዲወለድ እናቲቱም አነሪን ደብቃ መያዝ አለባት። በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም ወጡ። አራት የእናታቸው ዓይነት፣ ሦስት አሜል፣ ሁለት አነሪ፣ ሁለት ስኖ።

ከዚያ ፎቶው መጣ፤ ብዙ የደከምነውም እዚህ ላይ ነው። በክፍሉ አምፖል ብርሃን ስኖው ቢጫ ሆኖ ወጣ። የስልኩ ካሜራ ቀለሙን በራሱ ሲያስተካክል አነሪውን ሰማያዊ አደረገው። ቀይ ጨርቅ ላይ ያነሳነው አሜል ደግሞ ከጨርቁ አይለይም ነበር። ስለዚህ ደንብ አወጣን። ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ እናነሳለን። መስኮቱን በስስ ነጭ ጨርቅ እንጋርዳለን፤ ያለዚያ ቅርፊቱ ያብለጨልጫል። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግራጫ ካርድ ይኖራል፤ ቀለሙ የሚስተካከለው በእሱ ነው። ትኩረቱ ዓይን ላይ ይሆናል። ቆዳ ሊቀይር ሲል እባቡ ይደበዝዛል፣ ዓይኑም ወተት የነካው ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ቀይሮ እስኪጨርስ እንጠብቃለን። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ያለው ጥራት ሌላ ነው። ፊልተርና ቀለም ማድመቂያ ክልክል ነው። አንዳንድ ልጆች በዚህ ቅር ብሏቸው ነበር። ነገር ግን ያልነበረ ቀይ የተጨመረበት አሜል ለሚያየው ሰው ሌላ ዓይነት እባብ ነው። የእኛ ፎቶ መዝገብ ነው፤ መዝገብ አይዋሽም።

አንድ ጥፋቴን ልናገር። በዓመቱ መጀመሪያ መዝገቡን ሳላይ አባትየውን ለፎቶ እንዲያወጡት ፈቀድኩ። ከበላ ገና አንድ ቀኑ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የበላውን መለሰው። እባብ ከበላ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት አይነካም፤ ይህን እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት። ሁለት ሳምንት አሳርፈነው በትንሽ አይጥ ጀመርን፤ ደህና ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለ መዝገብ ኃላፊዋ ፈቃድ ሣጥን አይከፈትም፤ ለእኔም ቢሆን።

ጫጩቶቹ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ከቀየሩ በኋላ አሥሩ ወዲያው በሉ። አንዷ ስኖ አልበላም አለች። ጠባብና ጨለማ ሣጥን ውስጥ፣ ከምግቧ ጋር ብቻዋን ስንተዋት በሦስተኛው ሙከራ በላች።

ሰባቱ ከመወለዳቸው በፊት ወዳዘጋጀንላቸው ቤተሰቦች ሄደዋል። ሁሉም አንድ ወረቀት ፈርመዋል፦ ማቆየት ካልቻሉ ለእኛ ይመልሳሉ እንጂ ሜዳ ላይ አይለቁም። ይህ እባብ ከሀገሩ ውጭ አምልጦ ተባዝቷል፤ ግራንድ ካይማን ደሴት አንዱ ምሳሌ ነው። እናቲቱ በመጪው ዓመት ታርፋለች። ከየቀለሙ አንዳንድ አስቀርተናል። በየወሩ፣ በዚያው መስኮት አጠገብ እናነሳቸዋለን። አነሪው ሲያድግ አንገቱ ላይ ቢጫ ያወጣል ብያቸዋለሁ፤ ከአሁኑ በየሳምንቱ እየመጡ ያዩታል።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት አልተነሳም። «እናት፦ ለአሜል ሄት» ከሚለው ሥር፣ በሌላ እስክሪብቶ፣ «ለአነሪም» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ የዚያ የመጀመሪያው ግራጫ ጫጩት ፎቶ አለ፤ ግራጫ ካርዱም ጥግ ላይ ይታያል።