ስድስት ደቂቃ የነበረው ሃፍ ሦስት ደቂቃ ሆነ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ቡና እየጠጣሁ አነባለሁ። ስለ ዘይት፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ቤት ኪራይ ብዙ ጽፋችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ። በቲቪ ስለሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ፣ ስለ ጌም ዋጋ ግን አንድም ቀን ስትጽፉ አላየሁም። "በዚህ ኑሮ ላይ ደግሞ ስለ ጌም ይወራል እንዴ?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እናቴም ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አይታ ያለችኝ እሱኑ ነው። እስቲ ትንሽ ታገሱኝ።

ያደግሁት ጌም ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ደብተራችንን ጀርባችን ላይ ሻጥ አድርገን ቀጥታ ወደዚያ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። አሸናፊ ከወንበሩ አይነሳም። በረመዳን የጾሙት ጓደኞቻችን ማፍጠሪያ እስኪደርስ ሰዓት የሚገፉት እዚያ ነበር፤ እኛም በሁዳዴ እንደዚያው። ብር ያልያዘ ልጅ ቆሞ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ ይሳደባል። ማንም አያስወጣውም።

ባለፈው ሰሞን ታናሽ ወንድሜን ይዤ እዚያው ቤት ሄድኩ። የአንድ ግጥሚያ ዋጋ አሁንም 10 ብር ነው። ደስ አለኝ። እሱ ከአንድ የሰፈራችን ልጅ ጋር ተቀመጠ። ገና ኳሷን ተቀባብለው ሳይጨርሱ ዳኛው ፊሽካ ነፋ። አላመንኩም። ሁለተኛውን ሃፍ፣ ማለትም አጋማሽ፣ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ሦስት ደቂቃ! በእኛ ጊዜ አንዱ ሃፍ ስድስት ደቂቃ ነበር። ባለቤቱን ጠየቅሁት። "ብር ብጨምር ልጆቹ ይቀሩብኛል፤ ደቂቃውን መቀነስ ይሻላል ብዬ ነው" አለኝ። ልክ እንደ ዳቦው ማለት ነው፤ ዋጋው እዚያው ሆኖ ዳቦው እንደሚያንሰው። ልፈርድበት አልቻልኩም። በእጅ ተይዞ የሚጫወቱበትን ጆይስቲክ አንስቶ አሳየኝ። አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎማ ተልጦ አልቋል። በቦታው የብስክሌት ካላማዳሪያ በክብ ቆርጦ በሙጫ ለጥፎበታል። አዲስ ለመግዛት አዲስ አበባ ደውሎ ነበር። የተነገረው የአንድ ጆይስቲክ ዋጋ በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ማሽኑን ከነሁለት ጆይስቲኩ ከገዛበት ይበልጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእኛ ሩቅ ነው። የአንድ ትልቅ ጌም ዋጋ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት 60 ዶላር ነበር። የሶኒ ኩባንያ ጌም ማጫወቻ ማሽን ፕሌይስቴሽን 5 በኅዳር 2013 ሲወጣ አዳዲሶቹ ጌሞች 70 ገቡ። በ2017 ግንቦት መጨረሻ ደግሞ የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ ማሪዮ ካርት ወርልድ የተባለውን ጌም በ80 ዶላር አወጣ። ማሽኑም አልቀረም። ድሮ ማሽን ሲቆይ ይረክስ ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 በ300 ዶላር ወጥቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው 200 ወርዷል። አሁን ግን ሶኒ 500 ዶላር የነበረውን ፕሌይስቴሽን 5 በነሐሴ 2017 በአሜሪካ 550 አደረሰው። ማሽኑ እኮ ያኔ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር! ያረጀ ዕቃ ዋጋው ወደ ላይ ሲወጣ የት አገር ታይቶ ይታወቃል? ካምፓኒዎቹ የመሥሪያ ወጪ ጨምሮብናል፣ የዓለም ኢኮኖሚ ከብዷል ይላሉ። ይሁን፣ ለአሜሪካኑ ጭማሪው 10 ዶላርና 50 ዶላር ነው። ያማርራል፣ ግን ይገዛል። ለእኛስ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ የ70 ዶላር ጌም ማለት 4,000 ብር አካባቢ ነው። ዛሬ ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው ያው ጌም 10,500 ይሆናል። የ80 ዶላሩ 12,000። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ ተመርቆ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ልጅ መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ነው፣ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። አራት ዓመት ተምሮ፣ ወር ሙሉ ሠርቶ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ አንድ ጌም። ማሽኑንማ ተዉት። 500 ዶላር በወጣበት ጊዜ፣ ዶላር 38 ብር ገደማ ሳለ፣ 19,000 ብር ነበር፤ 550ውን አሁን ስታሰሉት 82,500 ይመጣል። ይህ እንግዲህ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። ልክፈል ብትል እንኳ የሚቀበልህ የለም። ሶኒ የኦንላይን መደብሩን ከፍቶ በሚሸጥላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የእኔ የባንክ ካርድ ከአገር ውጭ አይቆርጥም። ስለዚህ የአሜሪካ ነዋሪ መስለህ አካውንት ትከፍታለህ፣ በመደብሩ ለመክፈል የሚያገለግል ኮድ ያለበትን ጊፍት ካርድ ከሚሸጥ ሰው በብር ትገዛለህ፣ ሰውየው ዶላሩን በፈለገው ሒሳብ ያሰላብሃል፣ ደረሰኝ የለ፣ ዋስትና የለ። ሕጋዊ ደንበኛ ለመሆን የሚፈልግ ሰው በጓሮ በር ነው የሚገባው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሰኔ 2016 ዕቁብ ደርሶኝ አዲስ አበባ ሄጄ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛሁ። ሻንጣ ውስጥ ይሰበርብኛል ብዬ በጋቢ ጠቅልዬ 400 ኪሎ ሜትር ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ። ሐረጎ ስንደርስ መኪናው ሲጠማዘዝ ደረቴ ላይ ለጥፌ ነበር የያዝኩት። ማታ ቤት ደርሰን ከፈትነው። ከማሽኑ ጋር አንድ የኳስ ሲዲ ነበረው። ግጥሚያ መጫወት ይቻላል፤ ሌላው ሌላው ግን ኢንተርኔት ይጠይቃል። አፕዴቱ ብቻ ከ30 ጊጋ ባይት በላይ ነው። ያኔ ደግሞ ክልላችን ላይ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ሲዲ ግማሹ ተቆልፎ ተቀመጠ። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ደግሞ ፓኬጅ ገዝቼ ሦስት ሌሊት አውርጄ ጨረስኩ። ታዲያ ይህ የፓኬጅ ብር የጌሙ ዋጋ አይደለም? እኔ ነው ብዬ እደምረዋለሁ።

ከዚያ የወንድሜ ነገር መጣ። የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን በጥሩ ውጤት ካለፍክ የምትፈልገውን ጌም እገዛልሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ልጁ አጠና። በሻማም አጠና። አለፈ። እኔም ስድስት ወር ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ያስቀመጥኩትን ይዤ በቴሌግራም ከሚሸጥ አንድ ሰው ጊፍት ካርድ ገዛሁ። ብሩን ላክሁ፣ ኮዱ መጣ። ወንድሜ አጠገቤ ተንበርክኮ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበበልኝ አስገባሁት። ከዚህ በፊት አገልግሎት ላይ የዋለ ኮድ ነው የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግመን አስገባን። ያው ነው። ሻጩን ጻፍኩለት፣ አላነበበም። ደወልኩ፣ ዘጋው። ማታውን ከዝርዝሩ አጠፋኝ። ለማን አቤት ይባላል? ደረሰኝ የለኝ። ወንድሜ ፊቴን አይቶ "አብሽር ወንድም ጋሼ፣ ያለችንን እንጫወታለን" አለኝ። የ12 ዓመት ልጅ ነው እኮ ያጽናናኝ። ብሩ ቢቆጨኝም ይህቺ ቃሉ ናት እስካሁን የምታንገበግበኝ።

"ነፃ ጌሞች አሉ አይደል እንዴ?" የሚሉ አሉ። አሉ። በስልክ የሚጫወቱት የኳስ ጌሞች ሲወርዱ አይከፈልባቸውም። ግን ገብታችሁ እዩአቸው። ጥሩ ተጫዋች የሚገኘው በዕጣ ነው፣ ዕጣው በኮይን፣ ኮይኑ በብር። ልጁ ምን እንደሚደርሰው ሳያውቅ ይከፍላል። ይህን ከቁማር የሚለየው ምን እንደሆነ አይታየኝም። ቤልጅየም በ2010 ዓ.ም. ይህን ዓይነቱን ዕጣ ከቁማር ሕጓ ጋር ይጋጫል ብላ ነበር፤ የፊፋ ጌም ሠሪው ኢኤ የተባለው ኩባንያም ቆይቶ የኳስ ጌሙን ኮይን እዚያ አገር መሸጥ አቁሟል። እኔ በበኩሌ ወንድሜ አንዴ ተከፍሎበት ያለቀ ጌም ቢጫወት እመርጣለሁ።

ደግሞ ቅንጦት አይደለም። እዚህ ከተማ ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፍናቸው ታውቃላችሁ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የሰፈራችን ጌም ቤት ቲቪው፣ ማሽኑ፣ ወንበሩ ሳይቀር ተወስዷል፤ ባለቤቱ ከዜሮ ነው የተነሳው። አሁንም ብዙ ምሽት ልጆች መግሪብ ሳይደርስ ወደ ቤት ይገባሉ። እኔና ወንድሜ በ16 ዓመት እንበላለጣለን። የምናወራው ስንጫወት ነው። የተማታበትንም፣ መምህሩ ያስቀየሙትንም፣ አባታችን የናፈቀውንም የነገረኝ ዓይኑን ከቲቪው ሳይነቅል፣ ጆይስቲኩን እየነካካ ነው። ፊት ለፊት ብጠይቀው አይነግረኝም ነበር።

የምፈልገው ምንድን ነው? ጌም በነፃ ይሰጠን አላልኩም። ለሥራቸው ይከፈላቸው። ግን በአገራችን አቅም ይሸጡልን። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም፤ ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ለህንድ በሩፒ፣ ብዙውን ጌም ከአሜሪካ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ለህንድ የተቻለው ለእኛ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ባንኮቻችንም ለተማሪ፣ ለትንሽ ግዢ የሚሆን፣ በዓመት የተወሰነ ዶላር ብቻ የሚቆርጥ ካርድ ቢያስቡልን ብዙ ሰው ከሌባ ይድናል። እዚህ ያላችሁ ሻጮችም ዋጋ ለጥፉ። አንድ ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ "ስንት አለህ?" ይሉኛል። ይህ ምን ዓይነት ዋጋ ነው? የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ዋጋ ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይሰጥ ይላል። ለጌም ሲሆን የሚቀር ሕግ አይደለም።

መጮህ ዋጋ የለውም የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። መልስ አለኝ። ማይክሮሶፍት ዘ አውተር ወርልድስ 2 የተባለውን ጌም በ80 ዶላር እሸጣለሁ ብሎ ነበር፤ ተጫዋቹ ከዳር እስከ ዳር ሲጮህ በሐምሌ 2017 ወደ 70 መለሰው። በሚያዝያ 2016ም ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወት ሁሉ የሶኒ አካውንት ይክፈት ብሎ፣ የሶኒ አገልግሎት በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጌሙ ከሽያጭ ወርዶ ነበር። ተጫዋቹ ሲነሳባቸው ግዴታውን በቀናት ውስጥ አነሱት። ከእኛ አገር የሚሰማ ድምፅ ስለሌለ ነው የማያውቁን። እናንተ ጋዜጣ ናችሁ፤ ስለ ኳስ ተጫዋች ዝውውር ሙሉ ገጽ ትሰጣላችሁ። ያንን ገጽ የሚያነበው ልጅ ማታ የሚጫወተውን ኳስ ስንት እንደሚከፍልበት አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ ጻፉለት።

ሪፖርተር ወደ ደሴ ከላካችሁ ጌም ቤቱን እኔ አሳያለሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጆቹ ከትምህርት የሚመጡት ያኔ ነው። ባለቤቱም ፈቅዷል፣ ጠይቄዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢያችሁ ከደሴ