ከጎፋ ሠፈር ለጎፋ፦ የድጋፍ ጥሪ

ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ አላርፍ አለ። መጀመሪያ የደወለችው ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ናት። «ደህና ናችሁ? ጎፋ ላይ መሬት ተናደ አሉ እኮ!» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሠፈር ነው። ቤታችን ቆሟል። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። «እኛ ደህና ነን እትዬ፣ ሌላ ጎፋ ነው» ብዬ አረጋጋኋት። «ተመስገን!» ብላ ዘጋችው።

ከእሷ በኋላ ሦስት ሰዎች ደወሉ። ለሁሉም ያንኑ መለስኩ። ሌላ ጎፋ ነው። ማታ ምስሉን ሳይ ነው አፌ የተሳሰረው። ሰዎች ቀይ ጭቃ ውስጥ ገብተው በአካፋና በእጃቸው ይቆፍራሉ። ካሜራውን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ «ምን እየፈለጉ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ቀኑን ሙሉ «ሌላ ጎፋ» ያልኩት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ይህን ጥሪ የምጽፈው በሠፈራችን እድር ስም ነው። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ጥሪው ግን ለእድራችን አባላት ብቻ አይደለም። ያነበበው ሁሉ የእኔ ነው ብሎ እንዲይዘው ነው።

የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ላልሰማ ልናገር። ቦታው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ የሚባል ቀበሌ ነው። ሰው የሚኖረውም የሚያርሰውም ዳገት ላይ ነው። ከባድ ዝናብ ጣለ። መሬቱ ተንዶ ቤት ከነሰዉ ዋጠ። ሐምሌ 15 ሰኞ ጠዋት ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ አካፋና ዶማውን ይዞ ሮጠ። ከሮጡት መካከል መምህራን ነበሩ። የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። የቀበሌው አስተዳዳሪ ነበሩ። የተቀበረውን ሊያወጡ ሲታገሉ ተራራው ሁለተኛ ተናደባቸው። ከሞቱት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ የጠገበ አፈር ይከብዳል፤ እርስ በርስ መያያዙም ይላላል። የታችኛው ሲናድ የላይኛው ደጋፊ ያጣል። ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ያለው ሰዓት እጅግ ክፉ ሰዓት ነው። ግን ጎረቤት ድረሱልኝ ብሎ ሲጮህ ይህን ማን ያሰላል? እኔ ብሆን እሮጥ ነበር። እናንተም ትሮጡ ነበር።

የዚያኑ ማክሰኞ የሞቱት 229 መሆናቸው ተነገረ። 148ቱ ወንዶች፣ 81ዱ ሴቶች። ሐሙስ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የአካባቢውን ባለሥልጣናት ጠቅሶ 257 አለ። ከ15,000 በላይ ሰው ደግሞ መሬቱ ገና ስለሚያሰጋ ከዚያ መነሳት አለበት ተባለ። ሙሉ ቤተሰባቸውን ያጡ ልጆች አሉ። እኔ ከቁጥሩ ሁሉ ራሴ ውስጥ የቀረው ያ «ሁለተኛ ተናደባቸው» የሚለው ቃል ነው።

ለምን መሰላችሁ? እድር ማለት እኮ ይኸው ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ቤትህን ትተህ ትወጣለህ። ማን ሞተ፣ ምን ሃይማኖት ነበረው፣ ከእኔ ጋር ተኳርፎ ነበር ወይ አትልም። ድንኳን ትተክላለህ፣ ውኃ ትቀዳለህ፣ ንፍሮ ትቀቅላለህ። ኬንቾ ሻቻ ላይ የሮጡት ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እኛ ለቀብር እንደርሳለን፣ እነሱ ነፍስ ለማትረፍ ደረሱ። ለቀባሪ ቀባሪ ጠፋለት ማለት ይህ ነው።

የሕዝቡ ስሜት ያኔ ልብ ይነካ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሐምሌ 20 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። የያኔው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሙሳ ፋኪ ማሃማት ሐዘናቸውን ገለጹ። የዓለም ጤና ድርጅት ቡድን እንደሚልክ ተናገረ። የቀይ መስቀል ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምረው እዚያው ነበሩ። በየስልካችን ላይ ሻማ በራ። ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም አልተኙም፤ ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ ሌሊት ሁለት ጊዜ ደውሎ «በማን በኩል ልላክ?» ሲለኝ ነበር።

አንድ ያንገበገበኝ አስተያየት ግን አለ። «ድሮስ ለምን ተራራ ላይ ይሰፍራሉ?» የሚል። ይህን ያለ ሰው ክፉ ነው አልልም፤ አላወቀም። እስቲ ልናገር።

የጎፋ ደገኛ ጓሮው ውስጥ እንሰት አለው። እንሰት እንደ በቆሎ ዘንድሮ ዘርተህ ዘንድሮ የምትበላው አይደለም። ለቆጮ እስኪደርስ እንደ ቦታው አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት ይፈልጋል። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ያድጋል፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይደርሳል። ስለዚህ ጓሮው ጎተራ ነው፣ ባንክም ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ የሚወጣው ከዚያ ነው። ይህን ትቶ የት ይሂድ? ሜዳው ቀድሞ ተይዟል። አያቱ ያረሰው፣ አባቱ የተቀበረው እዚያ ነው። አሁን ደግሞ ገልብጣችሁ እዩት። ናዳ የወሰደው ጓሮ የአንድ ክረምት ሰብል አይደለም። የስድስት ዓመት ልፋት ነው የሄደው። ዛሬ ችግኝ ቢተክሉ እንኳ ቆጮው የሚደርሰው ዛሬ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርስ ነው።

እና በዚህ ሁሉ መሀል ሻማው ከስልካችን ላይ ጠፋ። ሰው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ኑሮ አለ፣ ኪራይ አለ፣ ሌላ ዜና መጣ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ሐዘንተኛ እጅግ የሚቸገረው ድንኳኑ የፈረሰ ዕለት ነው። ለቀስተኛው ሲሄድ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ያኔ ነው ሰው የሚያስፈልገው። ይህን እድር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እኛ እስካሁን ያደረግነውን ልንገራችሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድንኳናችንን ተክለን ልብስ ሰበሰብን። ሠፈሩ አላሳፈረንም። በሁለት ቀን ውስጥ ድንኳኑ ሞላ። እየዘነበ፣ ጭቃው እየተለወሰ፣ ሴቶቹ ልብሱን በየዓይነቱ ይለያሉ። የልጅ ወዲህ፣ የትልቅ ወዲያ። እኔ የምመዘግበው ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከስፌት የተላቀቀ ሱሪ መጣ። ተረከዙ ረጅም የሆነ የሰርግ ጫማ መጣ። አንድ እግር ብቻ የሆነ ጫማም መጣ፤ ሌላውን ብንፈልግ ብንፈልግ አጣን። ይህን የምለው ሰጪውን ላሳፍር አይደለም። ሁሉም ካለው ላይ ነው ያወጣው። ግን ጭቃ ለሚረግጥ ሰው ያ ጫማ ምኑም አይደለም። ለመኪና ኪራይ ያወጣነው ገንዘብ ግን ገንዘብ ነው።

ከዚያ መሀል አንድ ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ ወጣ። ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ከሴቶቹ አንዷ ኪሱን ስትፈትሽ ትንሽ ጨርቅ አገኘች። ስትፈታው መርፌ፣ ጥቁር ክርና ነጭ ክር፣ ሦስት ቁልፍ። ቁልፎቹ ከሹራቡ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። የላከው ማን እንደሆነ አላወቅንም። ሹራቡ ቁልፉ ቢረግፍ ብሎ ያሰበ ሰው ነው። ሁላችንም ትንሽ ዝም አልን። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እርዳታ ሲባል የሚመጣብኝ ያ ሹራብ ነው። ተቀባዩን አስቦ መስጠት።

ስለዚህ አሁን ልብስ አንሰበስብም። የእድራችን ሁለት ሰዎች የመጀመሪያውን ጭነት ይዘው እስከ ጎፋ ዞን ዋና ከተማ ሳውላ ድረስ ሄደው ነበር። እዚያ እርዳታውን የሚያስተባብሩትን ጠይቀው መጡ። ልብስ በርካታ ደርሷል ተባሉ። ያነሰው ቤት የሚያቆመው ዕቃ ነው። ድስት። ምጣድ። ጄሪካን። ብርድ ልብስ። ዶማና መጥረቢያ። ቤት ሲሠራ ደግሞ ቆርቆሮና ሚስማር። መስከረም ሲመጣ ለልጆቹ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ቦርሳ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ራሴን ወቀስኩ። ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ለድስት ይሆን ነበር።

የተስማማነው ይህ ነው። ለ50 ቤተሰብ የቤት ዕቃ እንገዛለን። ለአንድ ቤት ሁለት ድስት፣ አንድ ምጣድ፣ ሁለት ጄሪካን፣ አራት ብርድ ልብስ፣ ስድስት ስድስት ሳህንና ኩባያ፣ አንድ ዶማ፣ አንድ መጥረቢያ። በየቤቱ ላለ ተማሪ ሁሉ ደግሞ የዓመቱ ደብተር። ከዚህ የተረፈ ብር ካለ ቆርቆሮ ይገዛበታል። ቤተሰቦቹን የምንመርጠው እኛ አይደለንም። ማን ምን እንዳጣ የሚያውቁት የቀበሌው ሰዎችና ሽማግሌዎቻቸው ናቸው፤ ስም ዝርዝሩን እነሱ ይሰጡናል። እኛ አንድ ነገር ብቻ ለመንን። ሊረዱ ሮጠው የቀሩት ሰዎች ቤተሰቦች እንዳይረሱ። የመምህሩ ልጆች፣ የነርሷ ልጆች። አንዳንዱ የራሱ ቤት አልተነካም፤ አባወራው ግን የለም። ቤቱ ስለቆመ ብቻ ከዝርዝር ሊዘለል ይችላል። እንዳይዘለል።

እድሩ ከካዝናው 50,000 ብር አውጥቷል። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። የእድር ገንዘብ የሞት ገንዘብ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ አይነካም የሚል መተዳደሪያ ደንብ አለን። ስብሰባው ላይ ክርክር ተነሳ። በመጨረሻ ዳኛችን ተነስተው «ይህ ሞት አይደለም ወይ?» አሉ። እጅ ሲወጣ ሁሉም አወጣ። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ አባል 300 ብር ሊጨምር ተስማማ። አቅም የሌለው ጉልበቱን ይሰጣል፤ ዕቃ የሚያሽግ፣ የሚጭን ሰው ያስፈልገናል። አንዲት ጎረቤታችን ጡረተኛ ናቸው። 300 ብሩን በሁለት ወር ልክፈል ብለው ጠየቁ። ይቅርባቸው ብንል አኮረፉን። እየከፈሉ ነው።

ከአባላቱ የተሰበሰበው 50 ቤት አይሞላም። ስለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣነው። የአንድ ቤት ዕቃ ብቻውን የሚችል ይቻል። ካልሆነ አንድ ድስት ስጡ። አንድ ደርዘን ደብተር ስጡ። አንድ መሥሪያ ቤት ያላችሁ ሰዎች ተሰብስባችሁ «እኛ አምስት ቤት ያዝን» ማለት ትችላላችሁ። መርካቶ የዕቃ ሱቅ ያላችሁ ደግሞ በመጣበት ዋጋ ብትሸጡልን እንደ ስጦታ ነው የምንቆጥረው። ዓረብ አገር ሠርታችሁ የምትልኩ እህቶቻችን ላይ ሸክም መጨመር አንፈልግም፤ ከቤተሰባችሁ ተርፎ ከሆነ ብቻ።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር፤ ብዙ ሰው ተታሏል፣ ይጠራጠራል። መጠራጠሩ ልክ ነው። ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ የባንክ ሂሳብ ነው፣ በግለሰብ ስም አይደለም። ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡና እኔ ሦስታችን ካልፈረምን አንድ ብር አይወጣም። በእድሩ ስም ነው ብሎ በግል ስልኩ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትስጡ። የሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይቀበላል። የተገዛው ዕቃ ደረሰኝ እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማንም ገብቶ ያነባል። ዕቃው ሲደርስ የተረከቡት ሰዎች የፈረሙበት ወረቀት አጠገቡ ይለጠፋል። ፎቶ ግን አናነሳም። ሰው ድስት ሲቀበል ፊቱን ማሳየት የለበትም። ይህን ሳንከራከር ነው የወሰንነው።

በእኛ ልማድ የሟቾቹ አርባ ነሐሴ 24 ዓርብ ላይ ይውላል። የዚያን ቀን ማታ ዕቃው ታሽጎ ማለቅ አለበት። መኪናው ቅዳሜ ነሐሴ 25 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከእድሩ ቤት ይነሳል። በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶ አድርጎ ሳውላ ይገባል። ክረምት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንደ ዝናቡ ነው። መኪና የማይገባበት ቦታ ከደረስን ዕቃው በሰው ጀርባና በበቅሎ ይሄዳል። ስለዚህ ስታሽጉ አንድ ሰው ሊሸከመው በሚችል ልክ ይሁን። የሚሰበሩትን በጨርቅ ጠቅልሉ። ደብተሩ ከላይ በላስቲክ ይሸፈን።

ድንኳኑ ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው። እኔ ከሥራ መልስ ከ11 ሰዓት በኋላ መዝገቡ ላይ ትገኙኛላችሁ። ዕቃ ይዛችሁ የምትመጡ ሰዎች፣ ሻይ አለ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ።