የምስጋና መልእክት ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ሰላም የሀገሬ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ከእሁዱ ዝግጅት ወዲህ ስልኬ አላረፈም። እንኳን ደስ አለሽ ያላችሁኝን አንድ በአንድ ልመልስ ብዬ ጀመርኩና አቃተኝ። ጣቴ ዘገምተኛ ነው፣ መነጽሬም አርጅቷል። ስለዚህ ለሁላችሁም እዚሁ በአንድ ላይ እጽፋለሁ፤ መልስ ያልደረሳችሁ እንዳትቀየሙኝ።

ላልሰማችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። የደሴ የቴአትር ልጆችና የድሮ የቀበሌ ኪነት (የዘፈንና የድራማ ቡድን) ጓደኞቼ ተጠራርተው፣ ከየኪሳቸው አዋጥተው፣ ወሎ ባህል አምባ ጠርተውኝ ካባ አለበሱኝ። ከካባው ሌላ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳም ሰጡኝ። በላዩ «ለመድረክ ሥራዋ» ተብሎ ተቀርጿል። ሰው ሁሉ ያለቀስኩት ካባውን ሲያለብሱኝ መስሎታል። እኔን ያስለቀሰኝ ሰሌዳው ነው።

ሽልማት እንኳ ለእኔ አዲስ አይደለም፣ ጉራ አይሁንብኝ እንጂ። በፊልም ረዳት ተዋናይትም መሪ ተዋናይትም ተብዬ ተሸልሜያለሁ። በተከታታይ ድራማም ዋንጫ ወስጃለሁ። እጩ ሆኜ፣ በሐበሻ ቀሚስ ተሽሞንሙኜ፣ ካሜራ ፊቴ ላይ ተደቅኖ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ፈገግ ብዬ ያጨበጨብኩበት ምሽትም አለ። (እውነት ለመናገር ያ ፈገግታ ራሱ ለብቻው ሽልማት ይገባው ነበር።) አንድ ዝግጅት ላይማ የገንዘብ ሽልማት ነው ተብሎ እኔን የሚያህል የካርቶን ቼክ አሸከሙኝ። ፎቶ ተነሳን፣ ተጨበጨበ፣ ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ የለም። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ካርቶኑ ብዙ ዘመን የጓዳዬን መስኮት ጋርዶልኛል፣ ይመስገን።

የፊልም ሽልማት መኖሩን እወዳለሁ። ጉማ በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር የሙያው ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። «ለዛ» የተባለው የሬዲዮ ሽልማትም አድማጭ ራሱ ድምፅ የሚሰጥበት ስለሆነ ሌላ ጣዕም አለው። ግን ፊልም ምስክር አለው። ዳኛው ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ ካልገባውም መልሶ ያየዋል። ድሮ የሠራሁትን ፊልም የሰፈር ልጆች ዩቲዩብ ላይ አግኝተው «ያኔ ቀጭን ነበርሽ እኮ!» ይሉኛል። ቴአትር ይህ ዕድል የለውም።

አዲስ አበባ አንድ ቴአትር ቀን ይመደብለታል፤ የእሁድ ቴአትር፣ የሐሙስ ቴአትር ይባላል። ሰው ከወደደው ዓመትም ከዓመት በላይም ይታያል። እኔ የወር ደሞዝተኛ ተዋናይት ነበርኩ። ቀኑ ሲደርስ ጉንፋን የለ፣ ለቅሶ የለ። ከቀብር መልስ ፊቴን ታጥቤ ኮሜዲ ገብቻለሁ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ እኔ ትዕይንቴን ጨርሼ መጋረጃ ጀርባ ስገባ አለቅሳለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ እንባዬን ጠርጌ እወጣለሁ፤ ይህን የሚያውቀው የመብራት ባለሙያችን ብቻ ነበር። ከዚያ ሁሉ እሁድ ዛሬ በእጄ ያለው ጥቂት ፎቶና የተቀደደ ፖስተር ነው። ይሄ ለየትኛው ዳኛ ይቀርባል? የመድረክ ሥራዬ ማስረጃው ያየው ሰው ትዝታ ብቻ ነው። ደሴዎች ደግሞ እሱን ይዛችሁልኝ ቆያችሁ።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ከአዳራሹ መሃል አንድ አባት ተነሱ። በአሥራ አምስት ዓመቴ በቀበሌ ኪነት የአምስት ልጆች እናት ሆኜ ስሠራ የምናገረውን፣ እኔ ራሴ የረሳሁትን ቃለ ተውኔት፣ እስከ ማልቀሻው ድረስ ወጡት። «መብራት ጠፍቶ በማሾ የሠራችሁ ቀን እኔ ከፊት ነበርኩ» አሉ። አባባ፣ ስምዎትን ሳልጠይቅ ሄዱብኝ። ይህን የሚያነብላችሁ ካለ፣ ከዋንጫዎቼ ሁሉ የሚበልጥ ነው የሰጡኝ።

ያኔ ደሴ በየቀበሌው ኪነት ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላሊበላ ኪነት አለ፣ እነ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሠ የወጡበት። አምባሰልና ባቲ ሲዜም ሰምቶ ያደገ ልጅ መቼም ዘፋኝ ልሁን ማለቱ አይቀርም። እኔም ሞከርኩ፣ ድምፅሽ ለዘፈን አይሆንም ተባልኩ። ድራማ ላይ ጣሉኝ። እግዜር ይስጣቸው!

አባቴ ሲሰማ «አዝማሪ ልትሆኚብኝ ነው?» ብሎ ከሰፈራችን ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ። አልፈርድበትም፣ የዘመኑ ሰው እንደዚያ ነበር። መጀመሪያማ የሴቷን ቦታ የሚሠሩት ወንዶች ነበሩ። እነ ሰላማዊት ገብረሥላሴ፣ እነ አስናቀች ወርቁ ናቸው ስድቡን ችለው መድረክ ላይ የቆሙት። አስናቀች ክራሩንም ቴአትሩንም ይዛ ኖራ በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ አረፈች። ዛሬ ስሟን ሁሉም በክብር ያነሳል፣ እኔ ግን መድረክ ላይ ካባ በለበስኩ ቁጥር ያ የመጀመሪያው ስድብ ትዝ ይለኛል፤ እነሱ ባይጠግቡት ኖሮ እኛ እንጎርሰው ነበር። አባቴ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ሲያየኝ «ደህና ትናገሪያለሽ» አለ። ከዚያ በላይ ሙገሳ ከእሱ አልጠበቅኩም፣ አልመጣምም።

አሁን ወደ ምስጋናው።

መጀመሪያ ለጎረቤታችን ለእትዬ። ስሜን እንዳትጽፊ ብለውኛል፣ እሺ ብያለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እናቴን ቀድመን አዲስ አበባ አምጥተናት ነበር፤ ቤቱ ግን ተዘረፈ። ቴሌቪዥኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ ሳይቀር ሄደ። ዋንጫዎቼ እዚያው ቡፌው ውስጥ ነበሩ፣ ምክንያቱም እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳይባቸዋለች፣ ማን ደፍሮ ይወስድባታል? እትዬ የራሳቸውን ዕቃ ትተው፣ እነሱን ሰብስበው ከጤፋቸው ሥር ቀበሯቸው። ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የእሳቸው ነው፤ «አብሽሪ፣ ላብሽ አለ፣ ጤፍ ውስጥ ነው» አሉኝ። በዚያ ሰዓት እኔ ስለ ዋንጫ የምጠይቅ ይመስላችኋል? ስንት ሰው በሞተበት። እሳቸው ግን ሌላ የሚያጽናኑበት ነገር ሲያጡ ይቺን አመጡልኝ። የመስታወቱ ዋንጫ ጫፉ ተሸርፏል፣ እትዬ እስካሁን ይቅርታ ይጠይቁኛል፣ እኔ ደግሞ እቆጣቸዋለሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የኮምቦልቻ ልጆች፣ እናንተማ ጉድ ናችሁ። ከአውሮፕላን ስወርድ ባጃጅ አሰልፋችሁ፣ ክላክስ እያስጮኻችሁ ከተማ ለከተማ ያዞራችሁኝ ነገር፣ ወላሂ የሰርግ ቀኔ እንኳ እንደዚያ አልታጀብኩም። ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ነበርና ቀስ እያለ በሰላም ያደረሰኝን ሾፌር አመሰግናለሁ። እየነዳ ስለ ድራማው መጨረሻ መጠየቁን ባያበዛ ደግሞ ይበልጥ አመሰግነው ነበር።

ለመድረክ ጓደኞቼ፦ አልባሳት የሰፋችሁ፣ ሜካፕ የቀባችሁ፣ ዕቃ ያመላለሳችሁ። በተለይ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብላ ቃል ሲጠፋን በሹክሹክታ ታቀብለን ለነበረችው ጓደኛችን። ጡረታ ወጥታለች፣ እሁድ ዕለት ከእኔ ጎን ነበረች፣ ማንም አላወቃትም። ንግግር ሳደርግ መሃል ላይ ቃል ጠፋብኝ፣ ዞር ስል ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው። ሰው ሳቅኩ ብሎ ሳቀ፣ ለምን እንደሳቅኩ የገባው ግን የለም።

ለአዘጋጆቹ ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። በሕይወት እያለሁ፣ በእግሬ ቆሜ ነው የጠራችሁኝ። ይሄ ቀላል አይደለም። አንጋፋው ተዋናይ ፍቃዱ ተክለማርያም በ2010 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ከዚያ በፊት ለኩላሊት ሕክምናው ገንዘብ ይሰበሰብለት እንደነበር ሁላችን እናውቃለን። ያን ያህል የሚወደድ ሰው እንደዚያ ሲሆን ያየ ተዋናይ፣ ካባ ሲለብስ ደስታውም ፍርሃቱም አብሮ ይመጣበታል። ስለዚህ አዳራሹ ላይ የተዋጣውን ትርፍ ገንዘብ ለእኔ ልትሰጡ ስትሉ አልቀበልም ያልኩት ኩራት ይዞኝ አይደለም። ከእኛ ጊዜ ጓደኞች መድኃኒት መግዣ ያጠራቸው አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ፣ ለእነሱ ይድረስ። መድረሱን ደውዬ እጠይቃለሁ፤ የካርቶኑን ቼክ ታሪክ እንዳትረሱ።

ልምምድ የምታደርጉበት ቦታ ጉዳይም አሳዝኖኛል። ከተማው ውስጥ ስንት አዳራሽ እያለ ልጆቹ በብርድ ደጅ ቆመው ቃል ሲለማመዱ አየሁ። የሚመለከታችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ክፈቱላቸው፣ አምፖሉን እኔ እገዛለሁ።

በመጨረሻ ልመና አለኝ። የዚያን ጊዜውን የቀበሌ ኪነት ፎቶ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ የደበዘዘም ቢሆን፣ በስልክ አንስታችሁ ላኩልኝ። ከጀርባው ስምና ዓመት የተጻፈበት ከሆነ እሱንም አንሱት። ልጆቹ እየሰበሰቡ ነው፣ እኔ የማንን ፊት ማን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቧንቧ ውሃዋ ልጃችሁ