ሮማውያን ኮራጆች ነበሩ እንዴ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚሚዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ጨርሳለች። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ቶሎ ንገሪን።

ባለፈው ስንደዋወል «አባዬ፣ ሮማውያን እኮ ዝም ብለው ኮራጆች ናቸው። አማልክቱ ከግሪክ፣ ቲያትሩ ከግሪክ፣ ሐውልቱ ከግሪክ!» ብለሽ ሳቅሽ። መልስ ልሰጥሽ ስል ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ተቋረጠ። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። ተረጋግተሽ ተቀምጠሽ አንብቢው፤ አውቶቡስ ላይ ቆመሽ አይሆንም።

መቼም ዕድሜዬን በታሪክ አስተማሪነት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ኮራጅ አውቃለሁ። ደንበኛ ኮራጅ የጓደኛውን ስም ሳይቀር ገልብጦ ያስረክባል። ሮማውያን እንደዚያ አልነበሩም። እየወሰዱ ይጨቃጨቁ ነበር። ይህን እንውሰድ፣ ይህኛው ግን ልጆቻችንን ያበላሽብናል እያሉ ለትውልዶች ተከራክረዋል። እኔን የሚማርከኝ ከወሰዱት ነገር ይልቅ ይኸው ክርክራቸው ነው። (የምጠቅስልሽ ዓመታት ሌላ ካላልኩ በቀር ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው። በየመስመሩ እየደገምኩ አላሰልችሽም።)

ካለሽበት ልጀምር። የምትማሪባት ናፖሊ ራሷ ግሪኮች የቆረቆሯት ከተማ ናት። ከእሷ ትንሽ ወደ ምዕራብ ኩሜ የምትባል ቦታ አለች። ግሪኮች እዚያ የሰፈሩት በ8ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ያኔ ሮም በኮረብታ ላይ የተሠሩ ጎጆዎች እንጂ ይህን ያህል ከተማ አልነበረችም። ደቡብ ጣልያንና ሲሲሊ በግሪክ ከተሞች የተሞሉ ነበሩ። ስለዚህ ሮማውያን ግሪክን ለማግኘት ባሕር መሻገር አላስፈለጋቸውም፤ ጎረቤታቸው ነበረች። ፊደሉም ከእነዚህ ግሪኮች ከሮም በስተሰሜን ወደነበሩት ጎረቤቶቿ ወደ ኤትሩስካውያን፣ ከኤትሩስካውያን ወደ ሮማውያን ተላለፈ። በኋላ፣ በ1ኛው መቶ ዘመን፣ የግሪክ ቃላትን በትክክል ለመጻፍ ዋይና ዜድ ተጨመሩ። ዘግይተው ስለመጡ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

ጎረቤት ደግሞ ሁልጊዜ በሰላም አይኖርም። በ282 የሮም መልእክተኞች ታራንቶ ወደምትባለው የግሪክ ከተማ ሄዱ። የታራንቶ ሰዎች የሮምን መርከቦች አጥቅተው ስለነበር ካሳ ሊጠይቁ ነው። የመልእክተኞቹ መሪ ፖስቱሚየስ ንግግሩን ያደረገው በግሪክኛ ነበር። ሰውየው ሰዋስው ባሳተ ቁጥር የተሰበሰበው ሕዝብ ይስቅበታል። በመጨረሻ አንድ ሰካራም ተጠግቶ ነጭ ልብሱን አበላሸበት፤ በምን እንዳበላሸው ለልጄ አልጽፍም። ሕዝቡ አጨበጨበ። ፖስቱሚየስ ልብሱን ከፍ አድርጎ እያሳያቸው «አሁን ሳቁ፤ ይህን ልብስ የሚያጥበው ግን ደማችሁ ነው» አላቸው ይባላል። ነገሩም ወደ ጦርነት አመራ።

አየሽ፣ ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያወሩት ስለ ስድቡ ነው። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ገና በዚያን ጊዜ አንድ የሮም ባለሥልጣን በሰው ቋንቋ፣ በአደባባይ፣ ያለ አስተርጓሚ ሊናገር ደፍሯል። ይሳሳታል፤ ግን ይሞክራል።

ታራንቶዎች ፈሩና የኤፒሮሱን ንጉሥ ፒሩስን ከባሕር ማዶ ጠሩት። በ280 መጣ፤ 20 ዝሆን ይዞ። ሮማውያን ዝሆን በጦር ሜዳ ገጥሟቸው አያውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ አሸነፋቸው፤ ግን ከራሱ ወገን ያለቀው ሰው ብዛት «እንዲህ አንዴ ደግሜ ካሸነፍኳቸው ጉድ ሆንኩ» አሰኘው። በ275 ነገሩ አልሆን ሲለው ወደ አገሩ ተመለሰ።

ስለ ፒሩስ አንድ የምወደው ነገር አለ። የሮም ጦር የትም ሲያድር በሥርዓት የተለካ፣ በቦይና በአጥር የታጠረ ሰፈር ይሠራል። ይህን ማን አስተማራቸው? ሮማዊው ጸሐፊ ፍሮንቲነስ ከፒሩስ ነው የተማርነው ይላል። ግሪኩ ፕሉታርክ ደግሞ ተገላቢጦሹን ይነግረናል፤ ፒሩስ የሮማውያንን ሰፈር ከሩቅ አይቶ «የእነዚህ አረመኔዎች ሥርዓት እንኳ የአረመኔ አይደለም» ብሎ ተገረመ ይላል። ሮማዊው ለግሪኩ ይሰጣል፣ ግሪኩ ለሮማዊው ይመልሳል! ማን ልክ እንደሆነ አንቺ ፍረጂ። ኮራጅ ግን እንደ ፍሮንቲነስ ከማን እንደወሰደ በገዛ እጁ አይጽፍም።

ውጊያን ካነሳን አይቀር፣ የጥንት ሮማውያን ሲዋጉ በግሪክ ስልት ነበር። ክብ ጋሻ፣ ረጅም ጦር፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መቆም። ሜዳ ላይ ይሠራል። ተራራ ላይ ሳምናውያን ከሚባሉ የጣልያን ተራራማ ሕዝቦች ጋር ሲገጥሙ ግን ሰልፉ ይሰነጠቅ ጀመር። ስለዚህ ሌጌዎናቸውን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው መንቀሳቀስ እንዲችል አደረጉት። ይህ የጠቀማቸው በ168 መቄዶንያ ውስጥ ፒድና በምትባል ቦታ ላይ ነው። የመቄዶንያ ወታደሮች ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም ጦር ደግነው ተደርድረዋል። የሮም አዛዥ ኤሚሊየስ ፓውሉስ ያንን የጦር ጫካ ሲያይ ክው አለ፤ እስኪሸመግል ድረስም ከዚያ የሚያስፈራ ነገር አይቼ አላውቅም ይል ነበር። ነገር ግን ሰልፉ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲደርስ ክፍተት በክፍተት ሆነ። ሮማውያን ትንንሽ ቡድን እየሆኑ በየክፍተቱ ገቡ። ከመቄዶንያ በኩል 20,000 ያህል ሰው እንደሞተ የታሪክ ጸሐፊው ሊቪ ጽፏል። የግሪክን ስልት ለምደው፣ ጉድለቱን አይተው፣ ትተውት ስለነበር አሸነፉበት።

ከተማ መክበብ ላይ ግን እስከ መጨረሻው የግሪክ ተማሪ ሆነው ቀሩ። ድንጋይ ወርዋሪ ማሽኖቻቸው ከነስማቸው የግሪክ ናቸው። የቀመሱትም በራሳቸው ላይ ነው። በሲሲሊ ያለችውን የግሪክ ከተማ ሲራኩስን ሲከብቡ የሊቁ የአርኪሜድስ ማሽኖች እንዲህ አስደንብረዋቸው ስለነበር፣ ከግንቡ በላይ ትንሽ ገመድ ወይም እንጨት ብቅ ባለ ቁጥር «ደግሞ ምን አመጣብን!» እያሉ ይሸሹ ነበር። ከተማዋ በ212 ስትያዝ አርኪሜድስን አንድ ወታደር ገደለው። አዛዡ ማርሴለስ ከዚያ ሁሉ ሀብት ለራሱ ያስቀረው አርኪሜድስ የሠራውን፣ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ የሚያሳይ መሣሪያ ብቻ ነው ይባላል።

ከፒድና በኋላም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ፓውሉስ የመቄዶንያን ወርቅ ለመንግሥት ግምጃ ቤት አስገባ። የንጉሡን መጻሕፍት ግን ለወንዶች ልጆቹ ሰጣቸው። ቤቱንም በግሪክ አስተማሪዎች ሞላው፤ ሰዋስው አስተማሪ፣ ንግግር አስተማሪ፣ ሠዓሊ፣ አደን አስተማሪ ሳይቀር።

ሁሉም ግን እንደ ፓውሉስ አልነበረም። በ146 ቆሮንቶስን ያጠፋው ሙሚየስ ጨዋ ወታደር ነው፤ ስለ ሥዕል ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ውድ ሥዕሎችና ሐውልቶች ወደ ሮም ሲጫኑ ለአጓጓዦቹ «ብታጠፏቸው በአዲስ ትተካላችሁ!» ብሎ አስጠነቀቃቸው። ልክ እንደ ጠፋ ሰሃን። በ167 ከብዙ የአገሩ ሰዎች ጋር ታግቶ ወደ ሮም የተወሰደው ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ በቆሮንቶስ የሮም ወታደሮች ሥዕል መሬት ላይ ዘርግተው ዳማ መሰል ጨዋታ ሲጫወቱበት አይቷል። ይህ ሰው ምን ቢሰማው ጥሩ ነው? እሱ ግን ሮም ዓለምን እንዴት እንደገዛች በግሪክኛ በሰፊው ጻፈ። እኛ ዛሬ ስለ ሮም ጦር ከምናውቀው ብዙው ከዚህ እስረኛ ያገኘነው ነው።

ስለ ቋንቋ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ሊቪየስ አንድሮኒከስ የሚባል የታራንቶ ግሪካዊ በ240 በሮም በላቲን ቲያትር አሳየ። የሆሜርንም ኦዲሲ ወደ ላቲን መለሰው። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ገጣሚው ሆራስ የዚህን ሰው ግጥም በዱላ ወዳጅ አስተማሪው ሥር እንደተማረ ይናገራል። (አስተማሪውን አልከላከልለትም።) የሮምን ታሪክ መጀመሪያ የጻፈው ሮማዊ ፋቢየስ ፒክቶርም የጻፈው በላቲን ሳይሆን በግሪክኛ ነው። ቄሳር በ49 ሩቢኮን የሚባለውን ወንዝ ሲሻገር «ዕጣው ይጣል» ያለውም በግሪክኛ እንደነበር ፕሉታርክ ጽፏል።

ይህን አንቺም ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ። ጲላጦስ በመስቀሉ ላይ ያስጻፈው ጽሕፈት በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ ነበር፤ የዮሐንስ ወንጌል ይለዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች፣ እዚያው ዋና ከተማቸው ላሉት፣ የጻፈው በግሪክኛ ነው። ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በ4ኛው መቶ ዘመን የእኛው ኢዛና ድሉን ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ከግዕዝ ጎን ግሪክኛ ጨምሯል። ፩፣ ፪፣ ፫ የምንላቸው ቁጥሮቻችንም ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው። ስለዚህ «ኮራጅ» ስትዪ ጣትሽን ወዴት እንደምትቀስሪ ጠንቀቅ በይ።

አሁን ወደ ሁለቱ አባቶች ልምጣ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እውነቱን ለመናገር ለእነሱ ብዬ ነው።

አንደኛው የሮም ፖለቲከኛ ሽማግሌው ካቶ ነው። በ155 አቴናውያን ሦስት ፈላስፎች በመልእክተኝነት ወደ ሮም ላኩ። ከእነሱ አንዱ ካርኔአደስ አንድ ቀን ስለ ፍትሕ ጥቅም ግሩም አድርጎ ተናገረ። በማግስቱ ያንኑ ራሱን አፈረሰው። የሮም ወጣቶች አበዱ። ካቶ ግን ሴኔቱን «ጉዳያቸውን ቶሎ ጨርሱላቸውና ይሂዱልን» አለ። ለልጁ ለማርከስም ጽፎለታል፤ እነዚህ ሰዎች ጽሑፋቸውን ከሰጡን ሁሉን ነገር ያበላሹብናል፣ ሐኪሞቻቸው ደግሞ አረመኔ ያሉትን ሁሉ በመድኃኒት ሊገድሉ ተማምለዋል፣ እንዳትጠጋቸው ብሎ። ካቶ ራሱ ለበሽታ ሁሉ የሚያዘው ጥቅል ጎመን ነበር። ደግሞ ያው ካቶ በእርጅናው ግሪክኛ ተቀምጦ ተማረ። ልጁስ? ፒድና ላይ በጀግንነት ተዋግቶ የፓውሉስን ሴት ልጅ አገባ። ያ ሁሉ የግሪክ መምህር ከሞላበት ቤት! ካቶ በሠርጉ ዕለት ምን ፊት እንደነበረው ባየሁ።

ሁለተኛው የሮም ታዋቂ ተናጋሪና ፖለቲከኛ ሲሴሮ ነው። የእሱም ልጅ ስሙ ማርከስ ነው፤ እሱን ራሱ አቴና ድረስ ላከው፤ ክራቲጶስ ከሚባል ፈላስፋ ዘንድ እንዲማር። በ44 ስለ ሰው ግዴታ ረጅም መጽሐፍ በደብዳቤ መልክ ጻፈለት። ገና ከመጀመሪያው፣ እኔ እንዳደረግሁት ላቲኑን ከግሪኩ ጋር አጣምረህ ያዝ ይለዋል። ልጁ ግን ጎርጊያስ ከሚባል የንግግር መምህር ጋር መጠጥና ጭፈራ ይዞ ነበር። ሲሴሮ ሰማ። ለጎርጊያስ በቁጣ ጻፈለት፤ በምን ቋንቋ ብትዪ፣ በግሪክኛ! ልጁ ለአባቱ ጸሐፊ ለቲሮ የላከው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ተጸጽቻለሁ፣ ጎርጊያስን ትቻለሁ፣ ከክራቲጶስ አልለይም ይላል። ከዚያ ታች ወርዶ አንድ ነገር ይለምናል፤ የትምህርት ማስታወሻዬን መገልበጥ ጊዜዬን በላው፣ እባክህ ቶሎ ገልባጭ ላክልኝ፣ ቢቻል ግሪክ ይሁን። ኮራጅ ከፈለግሽ እንግዲህ ይኸውልሽ።

ሲሴሮ በ43 ተገደለ። ልጁ መጠጡን እስከ መጨረሻው አልተወም። ግን በ30 ቆንስል፣ ማለትም የሮም ከፍተኛ ሹም ሆነ፤ የአባቱን ገዳይ የአንቶኒን ሐውልቶች ያፈረሱትም በእሱ ዘመን ነው።

ቅዳሜ ጊዜ ካለሽ እዚያው ናፖሊ ያለውን የአርኪኦሎጂ ሙዚየም ጠይቂልኝ። ከፖምፔ የመጣ የእስክንድርና የዳርዮስ ጦርነት ሞዛይክ አላቸው። በአንድ ሀብታም ቤት ወለል ላይ የተነጠፈ ነበር፤ ከግሪክ ሥዕል እንደተወሰደ ይታመናል። ካገኘሽው ፎቶ ላኪልኝ፤ ዳርዮስ ሠረገላው ላይ ሆኖ እጁን የዘረጋበት ቦታ በደንብ ይታይ። ገንዘብ ካጠረሽም አትደብቂኝ።

አባትሽ