እምቦጩን እየነቀልን በጀልባ ምን እየጫንን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ እምቦጭ በየጊዜው የምታወጡትን እከታተላለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣና ላይ ያየነው ቀላል አይደለም። ግን መጤ አረም በተባለ ቁጥር ሁሉም ወደ ውሃው ብቻ ስለሚያይ፣ ከየብሱ በኩል ያለውን ልናገር ፈለግሁ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ማን ምን እንደሚገዛና ወዴት እንደሚጭነው አያለሁ።

ከሰኔ ጀምሮ ገበያው ይደራል። የገዢው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ቶሎ የሚደርስ፣ ሁሌ የሚያብብ፣ ከብት የማይነካው»። ይህን ሁሉ የሚያሟላው የወፍ ቆሎ ነው። በቅርቡ አንድ ሰው ዘጌ ላይ፣ ሐይቁ ውስጥ ገባ ባለው የደንና የገዳማት ምድር፣ ለሚሠራው ማረፊያ ቤት አጥር ብሎ ብዙ ፍል ሊያዝዘኝ መጣ። አልሸጥም አልኩት። «ግድ የለም፣ ሌላ ጋ አገኛለሁ» ብሎ ሄደ። ያገኛል፤ በዚህ አልጠራጠርም።

የወፍ ቆሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬውን ወፍ በልቶ ዘሩን በየዛፉ ሥር ይጥላል። ድቅድቅ ጥላ ባይወድም ዛፍ በወደቀበት፣ መንገድ በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ አጠገቡ ሌላ ቡቃያ እንዳያድግ ያደርጋል።

ንግዴ ስለሆነ ስለ ዕፅዋት ያገኘሁትን አነባለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ የታሂቲ ነገር ነው። ታሂቲ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች፣ ተራሮቿን ዝናባማ ደን የሸፈናቸው ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1937 ሚኮኒያ የሚባል የደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ለቅጠሉ ውበት ሲባል አንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ተተከለ። ቅጠሉ እስከ አንድ ሜትር ይረዝማል፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሐምራዊ። (እንዲህ ያለ ችግኝ እኔ መደብ ላይ ቢቀመጥ እስከ ማታ አይቆይም።) ጥቃቅን ፍሬውን ወፎች ተራራ ለተራራ በተኑት። 60 ዓመት ሳይሞላ ከደሴቲቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ወረሰ። ከሥሩ ብርሃን ስለማይገባ የአገሬው ቡቃያ አያድግም፤ ሌላ ቦታ የሌሉ ከ40 እስከ 50 የሚደርሱ የዕፅዋት ዝርያዎች ለመጥፋት ተቃርበዋል። ሐዋይም ይኸው ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1961 ለጌጥ ገባ፤ ዛሬ ገደል ለገደል በሄሊኮፕተር እየተከታተሉ መድኃኒት ይረጩበታል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ስለሚቆይ ተነቅሎ አለቀ ሲባል እንደገና ይበቅላል።

እርግጥ ጣና ውቅያኖስ አይደለም፣ የእኛም ደን እንደ ታሂቲ ዓመቱን ሙሉ አይዘንብበትም። ለወፍ ግን ከባሕር ዳር እስከ ክብራን ገብርኤል ገዳም ደሴት ምን ያህል ነው? ደግሞም የደሴት ደን ትንሽ ነው፤ ዙሪያው ውሃ ስለሆነ የተሸነፈ ተክል የሚሸሽበት የለውም። ዘጌ ደሴት ባይሆንም ደኑ የቆየው በሬና ማረሻ ስለማይገባበት ነው። ቡናውና ጌሾው ከዋንዛው፣ ከብሳናው ጥላ ሥር ነው ያለው። የገዳማቱ አባቶች ሥርዓት ግን ማረሻን ይከለክላል እንጂ በፕላስቲክ ተተክሎ በጀልባ የሚመጣን አበባ አያውቅም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረማ!

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ስፍራ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ጀልባ መነሻው ላይ ግን ሰው ችግኝ ተሸክሞ ሲሳፈር ምን እንደያዘ የሚጠይቀው አላየሁም። እምቦጭ ለመንቀል ስንት ሺህ ገበሬ እንደወጣ እናውቃለን፤ ጀልባ ላይ አንድ ችግኝ ማስቀረት ግን የአንድ ሰው ሥራ ነው።

ለአጥር ሰንሰል አለ፤ በክረምት መግቢያ ከቆረጣ ይበቅላል። እሾህ የፈለገ አግም ይትከል፣ ፍሬውም ይበላል። ሁለቱም ሀገር በቀል ናቸው፤ እኔ ጋ ዋጋቸውም ከአበባው ይረክሳል።

ይህ የንግድ ባልደረቦቼን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ። ቢሆንም የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሰኔ ሳይገባ የገዳማቱን አባቶች፣ ጀልባ ነጂዎችንና እኛን ችግኝ ሻጮችን ይጥራንና ወደ ደሴቶቹና ወደ ዘጌ የማይሻገሩትን ችግኞች ዝርዝር አብረን እናውጣ። እኔ እመጣለሁ።

ችግኝ ሻጩ አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር